ገና ከመድረሱ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ማሙሽስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዘጌ ቡና ለቀማ ላይ ናት። እናትሽ ለበዓል የምትልክልሽን ቅቤና በርበሬ እያሰናዳች ነው።

ባለፈው ስንደዋወል «አዲሱ ቤት ሶኬቱ አንድ ብቻ ነው፤ ምጣዱንም ምድጃውንም ኤክስቴንሽን ላይ ሰክቼ እሠራለሁ» አልሽኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። በስልክ ብነግርሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት ግን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

እስኪ ኤክስቴንሽኑን ገልብጠሽ ከጀርባው የተጻፈውን እይው። ብዙዎቹ 10 አምፔር ይላሉ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ ሲባዛ የሚችለው 2 ሺህ 200 ዋት ብቻ ይሆናል። ምጣድሽ ብቻውን 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይጎትታል። ምድጃው ሲጨመርበት ያ ቀጭን ሽቦ ምን እንደሚሆን አስቢው። መጀመሪያ ይሞቃል። ቀጥሎ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ይሸታል። የሶኬቱ ጠርዝ ቡናማ ከሆነ፣ ወይም ስትነቅዪው እጅሽን ካቃጠለሽ፣ ነገሩ ተጀምሯል ማለት ነው። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲጠፋ «በትልቅ አምፔር ቀይሪው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። እንዳትሰሚው! ብሬከሩ የሚጠፋው ሽቦው ስላልቻለ ነው። እሱን አስገድዶ ማብራት ጠባቂውን አስሮ ሌባ እንደ መጋበዝ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ስንት ቤት ሽቦ ዘርግቻለሁ፤ ለመብራት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ለሶኬት ባለ 2.5፣ ለምጣድ ባለ 4 እንጠቀማለን። ምጣድ ከቆጣሪው ለብቻው የሚመጣ መስመር ይፈልጋል። ሌላው ሁሉ ቀልድ ነው።

ደግሞ የበዓል ሰሞን መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ልብስ እየተኮስሽ ሳለ ሲሄድ ካውያውን ነጠላው ላይ አስቀምጠሽ ገበያ አትውጪ። እንዴ፣ መብራቱ አንቺን ጠብቆ አይመጣም! ገና «ሄደ» ስትዪ ምጣዱንም ካውያውንም ከሶኬቱ ንቀዪ።

መብራት ሲሄድ ሻማ መምጣቱ አይቀርም። አጎበራችሁ አልጋው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው አይደል? ወባውን ፈርታችሁ ስለሆነ ደግ አደረጋችሁ፤ አታውርዱት። ግን ሻማ አጠገቡ አይድረስ። የአጎበር ክር ፕላስቲክ ነው፤ እሳት ሲነካው እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ የሚንጠባጠበውም በተኛ ልጅ ላይ ነው። የቤቱ ኮርኒስም ማዳበሪያ ነው ብለሽኛል። እሱም ያው ፕላስቲክ ነው፤ ከተያያዘ ውኃ ለመቅዳት ፋታ አይሰጥም። በዚያ ላይ የታኅሣሥ አየር ደረቅ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሐይቁ ነፋስ ይነሣል። በባትሪ የሚሠራ መብራት ግዢ፣ ሻማውን ለቤተ ክርስቲያን ተዪው።

እናትሽ «ቡናውንም ንገራት» እያለችኝ ነው። እውነቷን ነው። ለበዓል የጎዘጎዝሽው ቄጤማ በመጀመሪያው ቀን እርጥብ ነው፣ ምንም አይሆንም። በሦስተኛው ቀን ገለባ ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከማንደጃው አንዲት ፍም ፈንጥቃ ትወድቃለች፤ ወሬ ላይ ያለ ሰው አያያትም። ስለዚህ በማግስቱ ጥረጊው። ማንደጃውን ሰፊ ትሪ ላይ አስቀምጪ፤ ማሙሽ ከሚሮጥበትም አርቂው።

ከሰሉን ደግሞ ማታ ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁ ይዛችሁ እንዳትተኙ። ውጭ አቀጣጥለሽ፣ ጭሱ ጠፍቶ ፍም ብቻ ቢሆንም መርዙ አለ። አይሸትም፣ አይታይም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምራችሁ በሩን ከፍታችሁ ውጡ። ከተኛችሁ ግን ያንንም አታውቁትም። ብርድ ከሆነ ጋቢ ደርቡ፤ ባሕር ዳር ደብረ ብርሃን አይደለችም።

ዘይት ከተያያዘብሽ ውኃ እንዳትደፊበት፤ ይፈነዳብሻል። ምድጃውን አጥፊና ዘይቱን በክዳን ድፈኚው፣ እስኪበርድም አትክፈቺው። ሰው ከተቃጠለ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሚሉትን አትስሚ። ከዚያ ሐኪም ቤት።

አንድ ነገር ደግሞ ሲያሳስበኝ ነበር። መስኮታችሁ የብረት ፍርግርግ አለው፣ መውጫችሁ በሩ ብቻ ነው። ማታ ከውስጥ ስትቆልፉ ቁልፉ ባለቤትሽ ኪስ ውስጥ ያድራል። ከበሩ አጠገብ ምስማር ምቱና እዚያ ይሰቀል፤ ቦታውንም ሁላችሁ እወቁት። በሩ ሥርም ከሰልም ሆነ ቡታጋዝ አይቀመጥ። የከተማውን የእሳት አደጋ ስልክ ጠይቀሽ ከዚህ ወረቀት ሥር ጻፊው።

ለአከራይሽ ስለ ምጣዱ መስመር ዛሬውኑ ንገሪያቸው። የሽቦውን ወጪ እኔ እችላለሁ፣ ጉልበቱም የራሴ ነው፤ በክፉ ዓይን አያዩሽም። ከቆጣሪው እስከ ማብሰያው ድረስ ስንት ሜትር እንደሆነ ለክተሽ ላኪልኝ። ከገና በፊት በጀልባ መጥቼ እዘረጋዋለሁ። እስከዚያ እንጀራውን ከጉልት ግዢ፤ እናትሽ ብትቆጣም እኔ አለሁ።

ማሙሽን ሳሚልኝ።

አባትሽ
ከዘጌ