ሜሪላንድ ከመግባትህ በፊት

ወንድምዓለም፣

ስንት ዓመት ሆነን? እኔ ስቆጥር አራት አልፏል። ያን ቀን የላክህልኝን የሽጉጥ ፎቶ አይቼ ያልሆነ ነገር የተናገርኩህም፣ ስልኩን የዘጋሁብህም እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። ልደውልልህ ብዬ ስንቴ ስልክ አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ መሰለህ፣ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ አፈርኩ፣ በኋላ ደግሞ ዝምታው ራሱ ተለመደ።

ከዳላስ ነቅላችሁ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ልትመጡ ነው ሲሉ ከእህትህ ሰማሁ። ደስ ያለኝ ደስታ! ግን ወዲያው ሽጉጡ ትዝ አለኝ። እዚያ እንደለመድከው ከመቀመጫው ስር አድርገህ ብትመጣስ? እና ይሄን የምጽፍልህ ልጨቀጭቅህ አይደለም፣ ሳታውቅ ችግር ውስጥ እንዳትገባብኝ ነው።

ቴክሳስ ከመስከረም 2021 ጀምሮ ያለ ፈቃድ መታጠቅ ይቻላል (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)። እዚህ አይቻልም። የቴክሳስ ፈቃድ ቢኖርህም ሜሪላንድ አትቀበለውም። ስለዚህ ስትነሳ ጥይቱን አውጣ፣ ሽጉጡን ሳጥን ውስጥ ቆልፈህ ትራንክ ውስጥ አድርገው፣ መንገድ ላይ እጅህ የሚደርስበት ቦታ አይሁን። እዚህ ነዋሪ ስትሆን በ90 ቀን ውስጥ ለስቴቱ ፖሊስ ታስመዘግበዋለህ። ኤአር 15 የሚባለው ጠመንጃ ካለህ ደግሞ እዚያው ሽጠህ ና፣ እንደሱ ያሉት አብዛኞቹ እዚህ ከ2013 ጀምሮ ተከልክለዋል።

ሌላ ሽጉጥ ልግዛ ካልክ መጀመሪያ የመግዣ ፈቃድ ታወጣለህ። እኔ ፓርኪንግ ማታ ማታ በምሠራበት ጊዜ ከተዘረፍኩ በኋላ አውጥቼዋለሁ። አሻራ ሰጠሁ፣ አራት ሰዓት ተማርኩ፣ አስተማሪው ፊት ተኩሼ አሳየሁ፣ ፈቃዱ እስኪመጣ ጠበቅሁ፣ ከዚያ ሱቅ ሄጄ ከከፈልኩ በኋላ ሽጉጡን ለመውሰድ እንደገና ሰባት ቀን። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ በተዘረፍኩ ማግስት በያዘኝ ንዴት ሽጉጥ እጄ ቢገባ ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ ያ ሁሉ ቀን ጠቅሞኛል። ታጥቆ ለመንቀሳቀስ ሌላ ፈቃድ አለው፣ ለሱ 16 ሰዓት ትማራለህ። ድሮ እንደኔና እንዳንተ ላለ ሰው የማይሞከር ነበር፣ ‘በቂ ምክንያት አምጣ’ ይሉህ ነበር፤ በ2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኒውዮርክን ተመሳሳይ ሕግ ሲሽር እዚህም ቀረ። ፈቃዱ ቢኖርህም ትምህርት ቤት ይዘህ አትገባም። ልጆችህን ልታመጣ ስትሄድ ይሄን አትርሳ።

የአያትህ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረው ምንሽር ትዝ ይልሃል? ስንት ክረምት ከስሩ ተኝተናል። ዝናሩን ግን አይተነው አናውቅም፣ የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ይሄን ያነሳሁት በልጆችህ ምክንያት ነው። በመጋቢት 2018 ግሬት ሚልስ የሚባል፣ ከዚህ ወደ ደቡብ ያለ ትምህርት ቤት፣ አንድ የ17 ዓመት ተማሪ የአባቱን ሽጉጥ ይዞ ሄዶ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ገደለ። የአባትየው ሽጉጥ ሕጋዊ ነበር። ያኔ ሕጉ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ልጅ ከሚደርስበት አታስቀምጥ ሲል ልጅ የሚለው ከ16 ዓመት በታች ያለውን ብቻ ነበር። ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ከ18 በታች ያለው ሁሉ ሆኗል፣ ሕጉም በሟቿ ልጅ ስም ይጠራል። የኔ ልጅ ያኔ 16 ሞልቶት ነበር። የእኔ ሽጉጥ የት እንደነበር ልንገርህ? ቁምሳጥን ላይ፣ ጋቢ ስር። ልጁ ደግሞ ቁመቱ በልጦኛል። ዜናውን የሰማሁ ዕለት ሄጄ ካዝና ገዛሁ፣ ቁጥሩን እኔና እናቱ ብቻ ነን የምናውቀው።

እስካሁን ያልኩህን ሁሉ ሌላም ሰው ይነግርሃል። ይሄን ግን የኛ ሰው አያወራውም። እድራችን ውስጥ አንድ ሰው ነበር፣ ሥራ ካቆመ በኋላ ዝም አለ፣ መብላት ተወ፣ ሌሊት ሌሊት ‘ብሞት ይሻላል’ ይል ጀመር። ሽጉጡ ቤት ነው። ሚስቱ ለማን ትንገር? የቤት ገመና ነው። ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥታ የሽሮ ዕቃ ውስጥ ቀበረቻቸው፣ ለሳምንታት እንቅልፍ አልነበራትም። ይሄ ሁሉ ሲሆን እኮ ሕጉ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል! ከጥቅምት 2018 ጀምሮ ሚስት፣ ባል፣ የሥጋ ዘመድ፣ አብሮ የሚኖር ሰው ወይም ሐኪም ፍርድ ቤት ሄዶ፣ ይሄ ሰው ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ይችላልና መሣሪያው ለጊዜው ይወሰድ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሌሊትም ቢሆን፣ ቅዳሜና እሁድም ቢሆን፣ ፍርድ ቤቱ ዝግ ሲሆን ማመልከቻውን የሚቀበል ተረኛ የፍርድ ቤት ኮሚሽነር አለ። በኋላ ዳኛው ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ካመነበት እስከ አንድ ዓመት ያግዳል። የወንጀል ክስ አይደለም፣ ሰውየው በዚህ ወንጀለኛ አይባልም። ማናችንም አናውቅም ነበር። ስለ ቪዛ፣ ስለ ታክስ፣ ስለ ቤት ብድር ስንት ሰዓት እናወራለን፣ ይሄን ግን የነገራት የለም። ደግነቱ ሰውየው ዳነ፣ ወንድሙ እያለቃቀሰ ሐኪም ቤት ወሰደው። አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ ከሚሞተው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን ያጠፋ ነው። እኛ የምንፈራው ሌባውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ለባለቤትህ ይሄን የደብዳቤውን ክፍል አንብብላት። የኔ ሚስት ታውቃለች፣ እኔ ራሴ ነኝ የነገርኳት። አንድ ቀን እኔም እንደዚያ ብሆን፣ ሽሮ ዕቃ ፍለጋ እንዳትሄድ።

መቼ እንደምትነሱ ጻፍልኝ። ቤት እስክታገኙ ቤዝመንቱ ባዶ ነው፣ ለልጆቹም ፍራሽ አለ። ካዝናዬ ሰፊ ነው፣ ያንተን ከኔ ጋር አስቀምጠን ለምዝገባው አብረን እንሄዳለን። አሁንስ ስደውል ታነሳልኛለህ? እሁድ ከቅዳሴ መልስ እሞክርሃለሁ።

ወንድምህ