ልጁ ሲሸና አይታችሁት ታውቃላችሁ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ አልጋ ማርጠብ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። «አብዛኛው ልጅ ሲያድግ ይተወዋል» ይላል። ልክ ነው። እኔ ግን ይህንኑ ቃል ይዤ ሁለት ዓመት ተዘናግቻለሁ።

ልጄ አሁን 8 ዓመቱ ነው። ያኔ ሌሊት አልጋውን ያረጥባል፤ ቀን ደግሞ የውስጥ ሱሪው ደርቆ አያውቅም። ስንፍና መስሎኝ እቆጣው ነበር። አንዴ በእንግዳ ፊት አሳፍሬዋለሁ፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል። በመሀሉ ሦስት ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን ያዘው። ሦስቴም አንቲባዮቲክ ተሰጥቶን ተመለስን። ለምን ተመላለሰበት ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ነገሩን ያጋለጠው የ4 ዓመቱ ታናሹ ነው። መንገድ ላይ ሁለቱም ሽንታቸው መጣና ጎን ለጎን ቆሙ። ትንሹ ጨርሶ ሱሪውን ጎተት አድርጎ ሮጠ። ትልቁ ገና ቆሟል። ሆዱን ይዞ ያምጣል፤ የሚወርደው እንደ ክር የቀጠነ ነው። ከጨረሰ በኋላም ጠብ ጠብ ይላል። ለካስ ልጅ ዳይፐር ከተወ ወዲያ ሲሸና ቆሞ የሚያየው የለም!

ቀጥሎ ያገኘነው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀን ይህንኑ ነው፤ «ሲሸና አይታችሁት ታውቃላችሁ?» የሽንት ፍሰት በሚለካ መሣሪያ ላይ አሸኑት። መሣሪያው የሚስለው የጤነኛ ልጅ የፍሰት መስመር እንደ ጉብታ ወጥቶ ይወርዳል። የእኛው እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋና ረጅም ሆኖ ወጣ። አልትራሳውንዱ የሽንት ፊኛው ግድግዳ መወፈሩን አሳየ። በጠባብ በር ሽንት ለማስወጣት ሲታገል የፈረጠመ ጡንቻ ነው። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ፊኛው ውስጥ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ሞሉና እየሸና ራጅ አነሱት። ቀላል ምርመራ አይደለም፤ ልጁ አልቅሷል። ችግሩ ያለበትን ቦታ የነገረን ግን ይህ ራጅ ነው። የሽንት ቧንቧው አንድ ቦታ ላይ፣ ሲወለድ ጀምሮ፣ እንደ ቀለበት ጠቧል።

ሕክምናው ከፈራሁት ያነሰ ሆነ። ማደንዘዣ ተሰጠው፤ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ በሽንት ቧንቧው ገብቶ ቀለበቱን ቆረጠው። ሆዱ አልተከፈተም። ለጥቂት ቀን ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያወጣ ቱቦ፣ ነበረው፤ ከሕመሙ ይልቅ ያቺ ቱቦ ነች ያናደደችው። ጥበቱ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል የፍሰት ምርመራው ይደጋገማል።

የዚህ ችግር ክፉ ዘመድም አለ። ወንዶችን ብቻ የሚይዝ፣ ከፊኛው ሥር እንደ ክዳን ሽንት የሚገታ ስስ ሽፋን ነው፤ ሐኪሞቹ ቫልቭ ይሉታል። አንዳንዴ ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ ኩላሊቶቹ በሽንት ተወጥረው በአልትራሳውንድ ይታያል። ሳይታወቅ ከቆየ ኩላሊት ሊያጠፋ ይችላል። የልጄ የኩላሊት የደም ምርመራ ውጤት እስኪመጣ እንዴት እንደቆየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ደህና ሆኖ ተገኘ።

ጽሑፉን ደግማችሁ ካወጣችሁት አንድ መስመር ጨምሩልኝ። ቀንም የሚረጥብ፣ ሲሸና የሚያምጥ፣ ሽንቱ የቀጠነ ወይም ኢንፌክሽን የሚመላለስበት ወንድ ልጅ «ያድጋል» ተብሎ አይታለፍ።

ልጄ አሁንም አልፎ አልፎ ሌሊት ያረጥባል። የወፈረ ፊኛ በአንድ ቀን አይሳሳም። ሽንቱ ባይመጣም በሰዓቱ ሽንት ቤት እንዲሄድ ታዟል። ጠዋት አንሶላውን አብረን እንቀይራለን።

የሁለት ልጆች አባት