ብስክሌት ስንገዛ ቸርኬውን እንመልከት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሀዋሳ ሜዳማ ከተማ በመሆኗ ብስክሌት ለተማሪውም ለሠራተኛውም የዘወትር መጓጓዣ ነው። ሆኖም ለመግዛት ስንሄድ ዓይናችን የሚያርፈው በቀለሙና በማርሹ ብዛት ላይ ሲሆን፣ የነጂውንና የጭነቱን ክብደት ተሸክሞ ከመንገዱ ጋር የሚላተመውን ቸርኬ፣ ማለትም ጎማው የሚገጠምበትን ቀለበት፣ ጎንበስ ብሎ የሚመረምር ጥቂት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት እኔ የገዛሁት ብስክሌት ቸርኬው እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ ሻጩም «ብረት ስለሆነ አይበገርም» ብሎ አረጋገጠልኝ። በዚያው ክረምት አንድ ማለዳ ልጄን ከኋላ ጭኜ ከሰፈራችን ኮብልስቶን ወደ አስፋልቱ ስወጣ አንድ ባጃጅ ከፊቴ ድንገት ቆመ። ፍሬኑን ብጨብጠውም ላስቲኩ በረጠበው ብረት ላይ ከመንሸራተት በቀር አልያዘም፤ ለመሸሽ ስጠመዝዝ የብስክሌቱ የኋላ እግር ከድንጋይ ጠርዝ ጋር ተላተመ። ልጄ ምንም ባትሆንም፣ የቸርኬው ከንፈር ወደ ውስጥ ገብቶ ጎማው ተነፈሰ።

ኒኬል የተቀባ ብረት ሲደርቅ ደህና ይይዛል፤ በዝናብ ጊዜ ግን ብስክሌቱ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት እጅግ ይረዝማል። ቅቡ ሲላጥ ደግሞ ዝገት ይከተላል። አሉሚኒየም በእርጥብም የተሻለ ይይዛል፣ ክብደቱም ይቀላል። ለመለየት ማግኔት ማስጠጋት ብቻ ይበቃል፤ ብረቱን ይስበዋል፣ አሉሚኒየሙን አይስበውም። አሉሚኒየም ሁሉ ግን ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። ለኮብልስቶናችን የሚስማማው ባለ ሁለት ግድግዳው ነው፤ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ክፍት ቦታ ስላለው እንደ ሣጥን ሆኖ መጣመምን ይቋቋማል። ጎማው ወልቆ ውስጡ ሲታይ፣ ከእግሩ መሃል ወደ ቸርኬው የተወጠሩትን ሽቦዎች የሚያጠብቁት ትንንሽ ብሎኖች ጭንቅላታቸው ከላይ ከታየ ባለ አንድ ግድግዳ ነው፤ በሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ጠልቀው ከተቀመጡ ባለ ሁለት ነው።

ሰውም ሆነ እህል ለሚጭን ባለ 36 ሽቦውን እመክራለሁ፤ በተለይ አብዛኛውን ክብደት ለሚሸከመው ለኋላው እግር። ከሁሉ በላይ መነገር ያለበት ግን የሽቦዎቹ አወጣጠር ነው። ቸርኬ ብቻውን ሲያዩት ቀጭን ቀለበት ነው፤ ጥንካሬ የሚሰጡት ከየአቅጣጫው እኩል የሚስቡት ሽቦዎች ናቸው። ጥቂቶቹ ሲላሉ ጭነቱ ወደ ቀሩት ይዞርና እነርሱ ይበጠሳሉ፣ ቸርኬውም ይወላገዳል። ስለዚህ አዲስ ብስክሌት የገዛ ሰው ጥቂት ሳምንታት እንደነዳ ሽቦዎቹን በሙያተኛ ያስወጥር፤ የብስክሌቱን እግር ሲያሽከረክርም ቸርኬው ከፍሬኑ ላስቲክ ጋር ያለው ክፍተት ሳይጠብና ሳይሰፋ መዞሩን ይመልከት። ይህን ሥራ በጆሮና በጣት የሚያውቁ ጠጋኞች በከተማችን አሉ፤ ለሙያቸው የሚገባውን ብንከፍላቸው ይገባል።

ቸርኬ የሚቀይር ሰው ልኩንም ያጣራ። «26» የተባሉ ጎማዎች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ በጎማው ጎን ላይ ከሰረዝ በኋላ የተጻፈው ቁጥር፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር በሚሊሜትር፣ 559 ከሆነ 590 በሆነ ቸርኬ ላይ አይገባም። እንዲሁም ፍሬኑ የሚይዘው ጎን በጊዜ ብዛት ይሳሳል። ማስመሪያ ሲያስጠጉበት ጎድጉዶ ከተገኘ ይለወጥ፤ የሳሳ ግድግዳ የጎማውን ግፊት መቋቋም አቅቶት በጉዞ ላይ ሊፈነዳ ይችላልና።

ለነጋዴዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። በየብስክሌቱ ላይ ከዋጋው ጎን የቸርኬውን ዓይነት፣ የግድግዳውንና የሽቦውን ብዛት፣ እንዲሁም ልኩን ጽፋችሁ ለጥፉልን። ልጁን ከኋላ ጭኖ የሚሄድ ወላጅ ይህን አውቆ የመግዛት መብት አለው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከሀዋሳ