ጌም መሥራቱን ተማሩ፤ ውሉን ማን ያስተምራቸው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ወጣቶች ጌም ሠሩ፣ ተሸለሙ የሚል ዜና በጋዜጣችሁ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ቅር የሚለኝ ዜናው የእኔ ሥራ ከሚጀምርበት ላይ ማለቁ ነው። እኔ ኮድ አልጽፍም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ የልጆቹን ጌም ለውጭ አሳታሚዎች፣ ማለትም ጌሙን በገንዘብ ደግፈው ለገበያ ለሚያወጡ ድርጅቶች፣ አቀርባለሁ፣ የሽያጭ ገጹን አዘጋጃለሁ፣ ውል ሲመጣ አብሬያቸው አነባለሁ፣ በየሦስት ወሩ የሚላከውን ሒሳብ እመረምራለሁ። ጌም ሠርቶ መጨረስ አንድ ነገር ነው፤ ከጌሙ እንጀራ መብላት ሌላ ነገር ነው። ስለ ሁለተኛው የሚጽፍ ሰው አጥቻለሁ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ በእኛ ሰፈር እንኳ ፕሮግራሚንግ የሚሞክር ልጅ በዝቷል። እሰየው ነው። ጌሙን ለገበያ ማውጣትም ቢሆን ከባድ አይደለም፤ ፕሌይ ስቶር ለምዝገባ አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ስቲም ደግሞ ለአንድ ጌም 100 ዶላር ያስከፍላሉ። ችግሩ ያለው መታየቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ስቲም ላይ የወጡት ጌሞች ከ18 ሺህ በላይ ናቸው። በዚያ ሁሉ መካከል ያለ ማስታወቂያ የሚወጣ ጌም ጓደኛና ዘመድ ብቻ ያየዋል። አገር ውስጥ እንዳይሸጥ፣ ስቲም በብር አይሸጥም፤ አብዛኛው ተጫዋቻችንም የውጭ ካርድ የለውም። በየሰፈሩ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች በጨዋታ ሒሳብ የሚሰበሰበው ገንዘብም እኛ ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ ልጆቹ ወደ ውጭ አሳታሚ መሄዳቸው ግድ ነው፤ መሄዳቸውንም አልቃወምም። የምቃወመው ሳያነቡ መፈረማቸውን ነው።

አንባቢ እንዲገባው አንድ ሒሳብ ልሥራ። ጌሙ በ10 ዶላር 3,000 ጊዜ ተሸጠ እንበል። 30,000 ዶላር መጣ ማለት ነው። ስቲም 30 በመቶውን ያነሳል፤ 21,000 ይቀራል። በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውቶ የመለሰ ገዢ ገንዘቡን ይቀበላል፣ የየአገሩ የሽያጭ ታክስም አለ፤ እነሱን ለጊዜው እንርሳቸው። ውሉ የተጣራውን ገቢ እኩል እንካፈላለን ይላል። ልጆቹም በደስታ 10,500 ዶላር ይጠብቃሉ። ሆኖም አሳታሚው አስቀድሞ 15,000 ዶላር ቅድሚያ ከፍሏቸዋል፤ ለማስታወቂያ፣ ለትርጉምና ለፍተሻም 12,000 ዶላር አውጥቻለሁ ይላል። ድምሩ 27,000 ነው። ይህ ተመላሽ እስኪሆን ድረስ የልጆቹ ድርሻ ዜሮ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። አንዳንዱ ውል ቅድሚያው የሚመለሰው ከሠሪው ድርሻ ብቻ ነው ይላል። ወጪውን ሙሉ በሙሉ ትተን ያንኑ 21,000 ብንወስድ፣ 10,500ው ለአሳታሚው ትርፍ ተብሎ ይገባል፤ የልጆቹ 10,500 ደግሞ ለዕዳቸው ይያዛል። አሳታሚው ሙሉውን 21,000 ተቀብሎ፣ የሰጠውን 15,000 መልሶ 6,000 አትርፏል። በመዝገቡ ላይ ግን ልጆቹ አሁንም የ4,500 ዶላር ባለዕዳ ናቸው። ይህ ሁሉ የሚወሰነው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሷም ብዙ ጊዜ ከውሉ መሐል ትገኛለች፣ ማንም ልብ ብሎ በማያነብበት ቦታ።

ከጎረቤት ብሎክ ያለ ልጅ አንድ ቀን የሩብ ዓመት ሒሳቡን ይዞ መጣ። የሽያጩ ቁጥር ደህና ነበር። ከታች «ሌሎች የማስተዋወቂያ ወጪዎች» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ደረሰኝ የለው፣ ዝርዝር የለው፣ ከላይ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ወስዶታል። «ጋሼ፣ ይሄ ምን ወጥቶበት ነው?» አለኝ። ውሉን አገላበጥነው። ወጪው ከዚህ አይለፍ የሚል ጣሪያ የለም። ሠሪው ሒሳቡን በባለሙያ የማስመርመር መብት አለው የሚልም የለም። ምን ብዬ ልመልስለት?

የሥራው ሌላው ፈተና ክፍያው በየምዕራፉ መሆኑ ነው። ቡድኑ የተስማሙበትን ክፍል ሠርቶ ይልካል፣ አሳታሚው አይቶ ያጸድቃል፣ ከዚያ ይከፍላል። በአንድ ባለሁለት መኝታ ቤት ተሰባስበው የሚሠሩ አራት ልጆች አውቃለሁ። መብራት ሲሄድ ፋይሉን በስልክ ዳታ እያቆራረጡ ልከው በቀኑ አስረክበዋል። መልስ ግን ጠፋ። ሲጣራ ሥራውን የሚያጸድቀው ሠራተኛ ከድርጅቱ ተቀንሷል፤ በቦታው የተተካ የለም። ልጆቹ የቤት ኪራይ በብድር ከፈሉ። ውሉ ላይ «በዚህን ያህል የሥራ ቀን መልስ ካልተሰጠ እንደጸደቀ ይቆጠራል» የሚል መስመር ቢኖር ኖሮ ቢያንስ የሚጠይቁት ይኖራቸው ነበር።

ነገሩ የአንድ ሰው ክፋት አይመስለኝም። አሳታሚዎቹ ራሳቸው እየተናጡ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ሀምብል ጌምስ የተባለው አሳታሚ 36ቱንም ሠራተኞቹን አሰናበተ። በዚያው ዓመት መስከረም የሌላው አሳታሚ የአናፑርና ኢንተራክቲቭ ሠራተኞች በሙሉ፣ ወደ 25 የሚሆኑ፣ ከድርጅቱ ባለቤት ጋር ባለመስማማት በአንድ ላይ ለቀቁ። ማይክሮሶፍት እንኳ ትልቁን የጌም ኩባንያ አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጥር 2024፣ ከጌም ክፍሉ 1,900 ሰው ቀንሷል። እዚያ ያለው ሠራተኛ እንዲህ ከሆነ ቱሉ ዲምቱ ያለው ቡድን አሳታሚው ነገም ይኖራል ብሎ መፈረም አይችልም። አሳታሚው ቢዘጋ፣ ቢሸጥ ወይም ዝም ቢል ጌሙ ወደ ማን ይመለሳል? የስቲም ገጹ በማን አካውንት ነው የተከፈተው? በአሳታሚው አካውንት ከሆነ፣ አሳታሚው ካልፈቀደለት በቀር ልጁ የገዛ ጌሙን ዋጋ መቀየር ቀርቶ ስንት እንደተሸጠ ራሱ ማየት አይችልም። ስቲም ጌምን ከአካውንት ወደ አካውንት ማዛወር ይፈቅዳል፤ ግን አሳታሚው እሺ ማለት አለበት፤ እሺ የሚያሰኘው ደግሞ ውሉ ነው።

የራሳችን ሕግ አለን። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ይሁንና ውሉ ሙግቱ በአሳታሚው አገር ፍርድ ቤት ይታያል ካለ፣ ልጁ ለአውሮፕላን ትኬት የሚሆን ገንዘብ የለውም እንኳን ለጠበቃ። ግብሩም አለ፤ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት በስቲም በቀጥታ የሚሸጥ ሰው ከአሜሪካ ገዢዎች በሚያገኘው ድርሻ ላይ 30 በመቶ ይቆረጥበታል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ አንድ ወጣት እንኳ አላጋጠመኝም።

ልጆቹ እርስ በርሳቸውም ወረቀት የላቸውም። ሥዕሉን የሠራችው ልጅ ቡድኑን ለቃ ሥራ ይዛለች፤ ሙዚቃውን የሠራው አረብ አገር ሄዷል። አሳታሚው «የሁሉንም ፊርማ አምጡ» ሲል ፍለጋው ይጀመራል። በጓደኝነት መካከል ውል ማውጣት ነውር እየመሰላቸው ነው የሚቀሩት።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ይህን ነው። ስለ ጌም ስትዘግቡ ሽልማቱን ዘግቡ፣ ከዚያ ግን ማን አሳተመው፣ ገጹ በማን ስም ነው፣ እስካሁን ስንት ደረሳችሁ ብላችሁ ጠይቁ። የኮዲንግ ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማት ከኮርሱ ጥቂት ሰዓት ለውል ይመድቡ። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ የቤት ኪራይና የቀለብ ጉዳይ እንደሚያዩት ሁሉ እነዚህንም ውሎች ቢያዩልን ትልቅ ነገር ነው። በበኩሌ፣ ባለቤቶቹ ፈቅደውልኝ፣ ስምና አድራሻ የተሰረዘባቸው ሁለት ውሎች ላቀርብላችሁ ዝግጁ ነኝ። አንድ የሕግ ባለሙያ አንቀጽ በአንቀጽ ቢያብራራቸውና ብታትሟቸው ወጣቶቹ ከመፈረማቸው በፊት ያነቧቸዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ