ዳቻ «ቪላ» አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የውጭ ዜና ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዳቻ» የሚለው የሩሲያ ቃል (ከከተማ ወጣ ያለ የአትክልት ቦታና በላዩ ያለው ቤት ማለት ነው) አንዴ «ቪላ»፣ ሌላ ጊዜ «የመዝናኛ ቤት» እየተባለ ሲጻፍ አያለሁ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሌኒንግራድ (በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ተማሪ ሳለሁ ሦስት በጋ በክፍል ጓደኛዬ ወላጆች ዳቻ ስላሳለፍኩ፣ ይህ አተረጓጎም ብዙ ልፋትን እንደሚሰውር አውቃለሁ።

ቃሉ «መስጠት» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን፣ በጥንቱ ዘመን ነገሥታቱ ለሹማምንቶቻቸው የሚሰጡትን መሬት ያመለክት ነበር። በሶቪየት ዘመንም የባለሥልጣናትና የታዋቂ ደራስያን ሰፋፊ ዳቻዎች እንደነበሩ አልክድም። የብዙኃኑ ዳቻ ግን ሌላ ነው፤ ከ1949 (እ.ኤ.አ.) የመንግሥት ውሳኔ በኋላ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የአትክልት ቦታ ማከፋፈል ጀመሩ፤ ሰዉ እስከ ዛሬ «ስድስት ሶትካ» የሚለው የተለመደው ድርሻም 600 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። በላዩ የሚሠራው የእንጨት ቤት መጠኑ በመንግሥት ደንብ የተገደበ ነበር።

የጓደኛዬ እናት የቲማቲሙን ዘር ገና በረዶው ሳይቀልጥ በከተማው አፓርታማ መስኮት ሥር ያፈሉ ነበር። ግንቦት ሲገባ ችግኙን ጭናቸው ላይ አቅፈው፣ አካፋና ከረጢት በያዘ ሰው በተጨናነቀው ኤሌክትሪችካ፣ ማለትም በከተማ ዳርቻው ባቡር፣ ይወስዱታል። ወሩ ሊያልቅ ሲልም ውርጭ ሊመታ ስለሚችል፣ ማታ ማታ ችግኙን በላስቲክ ስንሸፍን አመሸን እንጂ ስንዝናና አላመሸንም። ሰኔ ላይ ግን በዚያ አገር ሌሊቱ በቅጡ አይጨልምምና፣ ከሥራ መልስ የሚመጡት አባት እኩለ ሌሊት ድረስ ድንች ሲኮተኩቱ ይቆያሉ። እኔ ከጉድጓድ ውኃ እቀዳ ነበር። ቅዳሜ በባኛ፣ በእንፋሎት መታጠቢያው፣ ድካማችንን አውጥተን ውጭ ተቀምጠን ከራሳቸው እንጆሪ በተሠራ ማርማላት ሻይ የጠጣንበትን ምሽት ዛሬም አልረሳውም።

ነሐሴ ላይ ኪያሩ ከእንስላል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ስሞሮዲና ከሚሉት ቁጥቋጦ ቅጠል ጋር በባለ ሦስት ሊትር ጠርሙሶች ይታሸጋል፤ ከጫካ የተለቀመው እንጉዳይም በክር ተሰክቶ ይደርቃል። ይህ ሁሉ ለረጅሙ የብርድ ወራት ስንቅ ነው። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ደመወዝ ለወራት ሳይከፈል በቀረበት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ብዙ ቤተሰብ ገበታውን የሞላው ከዚችው ቁራሽ መሬት ባገኘው ድንችና ጎመን ነበር።

ስለዚህ ቃሉ እንደ «ሳሞቫር» (የሻይ ውኃ ማፍያው) ሁሉ ሳይተረጎም «ዳቻ» ተብሎ እንዲጻፍ፣ የባለሥልጣን መኖሪያ ሲሆን ደግሞ ያው ተለይቶ እንዲገለጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ