በአንድ ጊዜ የገባን መድኃኒት በሁለት ዋጋ ስለመሸጥ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመድኃኒት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ ይታይዎታል የተባለው የግዥ ደረሰኝ እስከ ዛሬ ስላልቀረበልኝ

ለባለቤቴ የሚታዘዘውን መድኃኒት ከእናንተ ዘንድ በየወሩ ስገዛ ሦስተኛ ዓመቴ መሆኑን ስለምታውቁ ወደ ኋላ አልመለስም። ይህን የምጽፈው ሰኞ የካቲት 17 ቀን ቃል ስለተገባልኝና ዓርብ የካቲት 21 ቀን ስላልተፈጸመው ነገር ነው።

ጥር 19 ቀን 30 ፍሬ አቶርቫስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት በ480 ብር ገዛሁ። የካቲት 17 ቀን ያንኑ መድኃኒት፣ ያንኑ መጠን፣ የዚያኑ ፋብሪካ ምርት 690 ብር ተባልኩ። ምክንያቱን ስጠይቅ ገንዘብ ተቀባዩ ልጅ ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ «ዶላር ጨምሯል» አለኝ። ባዶውን የጥር ፓኬት ለማሳየት ይዤው ስለነበር ከአዲሱ ጋር አስተያየሁት፤ በአንድ ዙር የተመረተ መሆኑን የሚያሳየው የምርት መለያ ቁጥሩም፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑም አንድ ነው። በአዲሱ ላይ ደግሞ የቀድሞው የዋጋ ወረቀት በጥፍር ተፍቆ ሙጫው ቀርቷል። ይህንኑ ስነግረው የሰጠኝ መልስ «አባባ፣ ሽንኩርት አይደለም እኮ የሚከራከሩት፤ ካልተስማማዎት ሌላ ጋ ይሞክሩ» የሚል ነበር። አባባ መባሉ ዕድሜዬ ነውና አልከፋኝም። ነገር ግን የሽንኩርት ነጋዴ እንኳ ዋጋዋን ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የምትጠራው።

ያን ጊዜ እርስዎ ከውስጥ ወጥተው በትሕትና አነጋገሩኝ፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። አስመጪው፣ አከፋፋዩና ቸርቻሪው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ትርፍ እንደሚጨምሩ፣ እናንተ የምትይዙት ግን በገዛችሁበት ላይ 25 በመቶ ብቻ መሆኑን አስረዱኝ። ቀጥለውም «ዓርብ ጠዋት 4 ሰዓት ይምጡ፣ የገዛንበትን ደረሰኝ አሳይዎታለሁ፤ ልዩነት ካለው ገንዘብዎ ይመለሳል» አሉኝ። ባለቤቴ መድኃኒቷን ማቋረጥ ስለማትችል 690 ብሩን ከፍዬ ሄድኩ። ዓርብ ዕለት 4 ሰዓት ሳይሞላ ደርሼ በር ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር እስከ 5 ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። መጀመሪያ «አሁን ይመጣሉ»፣ ቀጥሎ «ባህር ዳር ሄደዋል» ተባልኩ። ሰኞ የካቲት 24 ቀን ስመለስ ደግሞ ያው ልጅ «ደረሰኙ ሒሳብ ሠራተኛው ጋ ነው፤ ከመጋቢት 1 በኋላ ይምጡ» አለኝ። መጋቢት 2 ቀን ስመጣም ስለ ጉዳዩ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ንብረት ክፍል ነው የሠራሁት። በሞዴል 19፣ ማለትም በዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ ያልገባ ዕቃ በሞዴል 22፣ ማለትም በወጪ ደረሰኝ፣ አይወጣም፤ የገባበት ዋጋም ከዕቃው ጋር ይመዘገባል። በነገሩኝ 25 በመቶ ስሌት ከሄድን፣ በ480 ብር የተሸጠው ፓኬት የተገዛው በ384 ብር ነው፤ በ690 ብር የተሸጠው ደግሞ በ552 ብር ነው ማለት ነው። አንድ የምርት መለያ ቁጥር ያለውን መድኃኒት በተለያየ ጊዜ በተለያየ ዋጋ ገዝታችሁ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም የሚያሳየው ደረሰኙ ብቻ ስለሆነ ነው አጥብቄ የምጠይቀው። ነጋዴ የሸጠውን ዕቃ መልሶ መተካት እንዳለበት፣ የሚተካውም በአዲሱ ዋጋ መሆኑን አልክድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ዋጋ በጨመራችሁ ቁጥር አንድም ቃል ሳልናገር የከፈልኩት ይህንኑ አስቤ ነው። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ወደፊት የሚገዛው ዕቃ ከሆነ «ለመተኪያው ብለን ጨምረናል» ይባላል እንጂ፣ መደርደሪያ ላይ ለከረመ ፓኬት «25 በመቶ ነው» አይባልም።

ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ስትሪፑን ስትቆርጡ ማብቂያ ቀኑ የተጻፈበት ወገን ሁልጊዜ እናንተው ዘንድ ይቀራል። ዝርዝር ብር ሲጠፋ መልሴን በፓራሲታሞል ተቀብያለሁ፤ ቤታችን ውስጥ ራሱን የሚያመው ሰው ግን የለም። የምትሰጡኝም ድምሩ ብቻ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ነው። የእያንዳንዱ መድኃኒት መጠንና ዋጋ በደረሰኝ ተለይቶ የሚታይበት፣ ኦዲት የሚደረግ የመድኃኒት ግብይት ሥርዓት ቀድሞ የተጀመረው በዚሁ ከተማ፣ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ መድኃኒቱ ሲጠፋ ነው ወደ እናንተ የምመጣው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያመለክትና ለሸማቹ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ በእናንተ ግድግዳ ላይ ያየሁት የዋጋ ዝርዝር ግን የለም።

ስለዚህ የግዥ ደረሰኙ እንዲታየኝ፣ የሁለት ጊዜ ግዥ መኖሩን ካላሳየም 210 ብሬ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ይህን መጀመሪያ በቃል ስጠይቅ ይበቃኝ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ግን መልሱ በጽሑፍና በማኅተም እንዲሆን፣ የዋጋ ዝርዝሩም ሰው በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍ እፈልጋለሁ። ልጁም ይቅርታ ቢጠይቀኝ አልጠላም፤ ባይጠይቀኝም ከዚህ በኋላ ሰው ሲያናግር ቀና ብሎ ይይ።

የባለቤቴ መድኃኒት መጋቢት 19 ቀን ያልቃል። እስከዚያ ቀን መልስ ካላገኘሁ ሁለቱን ፓኬቶችና ሁለቱን ቁራጭ ወረቀቶች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ለጤና ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ። አዲሱንም የሐኪም ማዘዣ ይዤ የምሄደው ልጁ እንደመከረኝ ሌላ ጋ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ደንበኛ