የቅዳሜው ንባብ፦ ምን ይዛችሁ ትመጣላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁም፣

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በተለመደው የቤተ መጻሕፍቱ ክፍል እንገናኛለን። የዚህ ዙር ሥራችን አንድ ብቻ ነው፤ አንዳችን የሌላችንን ልብ ወለድ አንብበን አስተያየት እንሰጣጣለን። 10 ሰዓት ላይ እንበተናለን።

እያንዳንዳችሁ ከ500 ቃላት ያልበለጠ ጽሑፍ በ4 ኮፒ ይዛችሁ ኑ። ያላለቀ ቢሆንም ችግር የለም። እንዲያውም ያላለቀው ይሻላል፤ ለመቀየር አያሳሳም።

ባለፈው የአብዛኞቻችን ታሪክ የጀመረው ገጸ ባሕሪው ከእንቅልፉ ሲነቃ ነበር (የእኔም ጭምር)። አሁን ከጭቅጭቁ መሃል ጀምሩ። ደግሞ «እናትየው በጣም ተናደደች» ብላችሁ አትለፉት። አጣጥፋ የጨረሰችውን ልብስ በትና እንደገና ስታጥፍ አሳዩን፤ ንዴቷ ይገባናል። ምልልሱን ቤት ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምላሳችሁ ከተደናቀፈ ሰው እንደዚያ አያወራም ማለት ነው።

አስተያየት ሲሰጥ ጸሐፊው እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ይሰማል። መከራከር የለም። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። አንባቢዎችም «አሪፍ ነው» ብላችሁ አትገላገሉ፤ የቱ መስመር ላይ እንደሰለቻችሁ በእርሳስ አስምሩበት።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «አለሁ» ብላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ። ከ12 በላይ ከሆንን በሁለት ቡድን እንከፈላለን። በየሁለት ሳምንቱ እንገናኝ ወይስ በየወሩ? እሱንም አብራችሁ መልሱ።